ማኅደሩ እዚህ፣ ፔሮሉ እዚያ

አዲስ አበባ፣ አስኮ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር የወር ደመወዙ የሚሠራው በትምህርት ቤቱ ግቢ አይደለም። ርእሰ መምህሩ አይሠራውም፤ ጸሐፊዋም አትሠራውም። ደረጃውና እርከኑ፣ ግብሩና የጡረታ መዋጮው የሚሰላው «ፑል» በሚባለው የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ክፍል ነው። የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሁሉም እንደየመሥሪያ ቤታቸው ፔሮላቸው የሚዘጋጀው በእንዲህ ዓይነት ክፍል ነው። ከወሩ 20 በኋላ በየቢሮው «ገባ?» «ኧረ አልገባም» የሚባባለው ሰው ሁሉ ዓይኑ ያለው በዚያ ክፍል ላይ ነው።

ወደዚህ ክፍል የተደረሰው በረጅም መንገድ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኞቹን በአንድ ማዕከል ሥር ለማስገባት ደጋግሞ ሞክሯል፤ በየጊዜው የሰበሰበው ግን ግማሹን ነው። ሕጉንና መደቡን ሲሰበስብ ገንዘቡን በየቤቱ ተወው። ገንዘቡን ሲሰበስብ ደግሞ የሠራተኛውን ማኅደር በየቤቱ ተወው። ዛሬ በየወረዳው «ደብዳቤ አልደረሰንም» በሚል መልስ የሚመለሰው ሠራተኛ የሚጉላላው ይህ ክፍተት እስካሁን ስላልተደፈነ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የመንግሥት ሠራተኛ የሚባል ወገን በዛሬው መልኩ አልነበረም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በሥራቸው የሚያገለግለው ሰው ግን በአብዛኛው የሚኖረው በጉልት፣ በማደሪያ መሬትና በቀለብ ነበር። ቋሚ የወር ደመወዝ ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ነበር። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት መለየት አለበት እያለ በዚያው ዘመን የጻፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ነገሩን ከሥሩ ያየ ሰው ነበር፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከቤተ መንግሥቱ ጓዳ ካልተለየ ደመወዝ የሚባል ነገር ጸንቶ ሊቆም አይችልም።

ከነጻነት መመለስ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የወሰነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ወጣ። ሚኒስቴሮቹ በሕግ ቆሙ፣ ደመወዝም ከገንዘብ ሚኒስቴር በጀት ይወጣ ጀመር። ቅጥሩ ግን የየሚኒስቴሩ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ሥራ ፈላጊው ደጅ ይጠናል፤ አማላጅ ይልካል፤ ማመልከቻ ይዞ በበሩ ይመላለሳል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ጸሐፊዎች መሥሪያ ቤታቸው ስለተለያየ ብቻ የተለያየ ደመወዝ ቢያገኙ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የጋራ ስኬል አልነበረማ።

ለውጡ የመጣው ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት ነው። ግርግሩ ብቻውን ነው ያመጣው ማለት አይቻልም፤ ሐሳቡ ቀድሞም ይንከባለል ነበር። ግን ከዚያ ታኅሣሥ በኋላ የተማረውን ሠራተኛ ጥያቄ ችላ ማለት ከባድ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዝ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የጡረታ ድንጋጌም ከዚሁ ጋር ወጣ፤ በ1955 ደግሞ የጡረታው አዋጅ ቁጥር 209 ተከተለ። ሁለቱ ጎን ለጎን መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ለጡረታ ሲባል መንግሥት እያንዳንዱ ሠራተኛ መቼ እንደተወለደ፣ መቼ እንደተቀጠረና ስንት ያገኝ እንደነበር ከአንድ የጸና መዝገብ ማወቅ ነበረበት።

የዚያ መዝገብ አካል ዛሬም አለ፤ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይባላል። አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶግራፍ ለጥፎ የሚሞላው ቅጽ ነው፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀን፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ስም፣ ቀድሞ የሠራበት ቦታ። በበርካታ ኮፒ ይሞላል፤ አንዱ ከግል ማኅደሩ ይታሰራል። ብዙ ሰው በግዴለሽነት ይሞላዋል። ዋጋው የሚታወቀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ጡረታ የሚወጣበት ቀን የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው ዕድሜ ነውና። በኋላ የልደት ካርድ ይዞ «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ታናሽ ነኝ» ቢል የሚሰማው የለም። በየመሥሪያ ቤቱ የጡረታ መውጫቸው የቀረበ ሰዎች መዝገብ ቤት ገብተው የራሳቸውን ማኅደር ለማየት የሚለምኑት ለዚህ ነው።

ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ያደረገው ትልቁ ነገር በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሥራ መደብ ምደባ ነው። እያንዳንዱ የመንግሥት ሥራ ከጥቂት ትልልቅ ምድቦች በአንዱ ሥር ገባ፤ ምድቡ በሁለት ፊደል ምልክት፣ ደረጃው በቁጥር ተለየ። «ጽሂ» የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ነው፤ «እጥ» የእጅ ጥበብ፤ «መፕ» መለስተኛ ፕሮፌሽናል፤ «ፕሣ» ፕሮፌሽናልና ሣይንስ። ለጥበቃና ለጉልበት «ጥጉ» ነበረ። ከ2010 በፊት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሁሉ እነዚህን ፊደላት ያውቃቸዋል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው «መፕ-8»፣ «ጽሂ-9» እያሉ ግማሽ ምእተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን አሳልፈዋል። ሦስት መንግሥት ያሳለፈ ሰነድ ስንት አለን? የሕግ መጻሕፍቱን ካልቆጠርን በጣም ጥቂት።

የዚህ ማዕከል ድካም ግን ከመጀመሪያው ይታይ ነበር። መደቡንና ስኬሉን ያወጣል፣ ቅጥርን ያጸድቃል፤ ፔሮሉን ግን አይነካም። በየሚኒስቴሩ የሒሳብ ክፍል አለ፤ ፔሮል ሠሪው በትልቅ ሉህ ላይ ስም ይዘረዝራል፤ ገንዘብ ያዡ ከባንክ ጥሬ ገንዘብ አምጥቶ ካዝና ውስጥ ያስገባል፤ ሠራተኛው ተሰልፎ ፔሮሉ ላይ ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። ወረዳ ላይ ያለ መምህር ደመወዙን ለመቀበል ትምህርቱን ትቶ ወደ ከተማ ይወርድ ነበር።

ደርግ ማዕከሉን ይበልጥ አጠነከረው። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሥራ የሚፈልግ ሳይሆን የሚመደብ ሆነ፤ መንግሥት የላከው ቦታ ይሄዳል። የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ሆኖ ለዓመታት ቆየ። ይህን ዘመን በጥሩ የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ፤ 500 ብር ያኔ ቤት ያስተዳድር ነበር ይላሉ። የሚያማርሩትም አሉ፤ ደመወዝ ሳይነቃነቅ ዋጋ ሲወጣ ያዩ ናቸው። በዚያው ዘመን የተወረሱት ፋብሪካዎች በኮርፖሬሽኖች ሥር ገቡ። በአንድ ሰፈር ውስጥ የፋብሪካው ወዛደርና የትምህርት ቤቱ መምህር ሁለቱም የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነው ሳለ በተለያየ ሕግና በተለያየ ስኬል ይተዳደሩ ነበር።

ከ1983 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ክልሎች ተመሠረቱ፣ የየራሳቸውን የሠራተኞች ሕግ አወጡ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከአምስቱ ዘርፎች አንዱ የሰው ሀብት፣ ሌላው የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ነበር። ልብ ይሏል፦ ገና ከወረቀቱ ሰውና ገንዘብ በሁለት ዘርፍ ተከፍለዋል። የፌዴራል ኮሚሽን የሆነው ያ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤትም ቅጥርን ከማጽደቅ ወደ መቆጣጠርና አቅጣጫ መስጠት አፈገፈገ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ሠራተኛ ራሳቸው ይቀጥሩ፣ ያሳድጉ፣ ያዛውሩ ጀመር። የኮሚሽኑ ስምም ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ላይ አልተቀመጠም፦ በ2003 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2008 የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር ተባለ፣ በ2011 ወደ ኮሚሽንነት ተመለሰ። ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ የሚያሳትሙ ነጋዴዎች ሳይደሰቱ አይቀሩም።

ፑል የተወለደው በዚሁ ዘመን፣ ከእጥረት ነው። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በአራቱ ትልልቅ ክልሎች በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ ለእያንዳንዱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ለግብርናው፣ ለትምህርቱ፣ ለጤናው፣ ለውሃው፣ የሒሳብ ሠራተኛ መመደብ አስፈለገ። የሒሳብ ባለሙያ ግን ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ወረዳ ላይ ደብል ኢንትሪ የሚባለውን የሒሳብ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነበር። መፍትሔው ያሉትን ጥቂት ሰዎች በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ሰብስቦ የሁሉንም ቤት ሒሳብ እነሱ እንዲይዙ ማድረግ ሆነ። ስቴፈን ፒተርሰን የመራውና የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ሆነው የሠሩበት ፕሮጀክት ይህን አሠራር ከበጀትና ከሒሳብ ማሻሻያው ጋር አያያዘው፤ አይቤክስ የሚባለው የበጀትና የወጪ ሶፍትዌርም የዚሁ ፕሮጀክት ልጅ ነው።

የፑል ጥቅም ሰው መቆጠብ ብቻ አይደለም። ትንሽ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፔሮሉን ይሠራል፣ ቼኩን ይጽፋል፣ ገንዘቡን ያመጣል፣ መዝገቡንም ይዘጋል፤ ሌባ መሆን ቢፈልግ የሚያየው የለም። ፑል ላይ ግን የሚሠራው አንድ፣ የሚመረምረው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ በጀት መኖሩን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ እንደማምነው በኢትዮጵያ የመንግሥት ሒሳብ ታሪክ ከተደረጉት ትናንሽ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ማንም ሪባን አልቆረጠለትም።

አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ይኸው አሠራር ከተማ ገባ። ዛሬ በጋዜጣ የሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ላይ «በፑል የሚተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች» የሚል ሐረግ የተለመደ ነው። ደመወዝም ከጥሬ ገንዘብ ወደ ባንክ ሒሳብ ዞረ፤ በፔሮል ላይ መፈረምና የአውራ ጣት አሻራ ቀስ በቀስ ጠፉ፤ ገንዘብ ያዥ የሚለው የሥራ መደብ ግን አሁንም አለ።

አንዱን የፔሮል መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። መስከረም 2018 ላይ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ሆኗል። የምሩቋን እንውሰድ። ከ11,500 ብር ላይ የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ነው፣ 805 ብር። መንግሥት 11 በመቶ፣ 1,265 ብር ይጨምርበታል፤ እሷ እጅ አይገባም፣ ግን ከመሥሪያ ቤቱ በጀት ይወጣል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ 11,500 ላይ ሲደርስ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲነሱ 8,595 ብር ይቀራል። የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ካለባት ይቀነሳል፤ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሠራተኞች እድር፣ ፍርድ ቤት የወሰነው የልጅ ቀለብ ሲኖርም እንዲሁ። የግዳጅ ቅነሳው ከደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ሕጉ ገደብ አድርጎበታል። በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዝ ለቦንድ ሲያዋጡ በየወሩ እየተከፋፈለ የተቆረጠው በዚሁ ፔሮል ነው። መንግሥት ከሠራተኛው ጋር የሚነጋገርበት ዋና መስመር ይህ ሉህ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር ልጨምር፦ ይህ ሉህ በዓመት የሚሠራው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ጳጉሜን የራሷ ፔሮል የላትም። አምስት ወይም ስድስት ቀን ተሠርቶ የማይከፈልባት ወር ናት ብለው የሚያማርሩ ሁሌም አሉ፤ ደመወዝ የወር ነው ተብሎ ይመለስላቸዋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው የምሩቋ መስመር ሲለወጥ ነው። ደረጃ አደገች እንበል። ውሳኔው የሚሰጠው በሰው ሀብት በኩል ነው፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ማኅተም ይመታል፣ ግልባጭ ለፋይናንስ ይባላል። ፑሉ የሚያውቀው ያን ግልባጭ ብቻ ነው። ደብዳቤው ፔሮል ከተዘጋ በኋላ ከደረሰ ጭማሪው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፣ ልዩነቱ ውዝፍ ሆኖ ይቆያል። ከሥራ የለቀቀም እንደዚሁ ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። አንድ መምህር ውጭ አገር ከሄደ ወር አልፎታል፤ ትምህርት ቤቱ ያውቃል፤ ተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ ፑሉ ግን ደብዳቤ ስላልደረሰው ደመወዙን ባንክ ያስገባል። ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ኦዲተር ሲመጣ ነው፤ ያኔ ከማን ይመለስ?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቷን ሠራተኞች ደመወዝ አይፒስ በሚባል አንድ ሥርዓት ውስጥ አስገባች፤ ዓላማው በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ሠራተኞችን ማጥፋት ነበር፣ ብዙም አጠፋ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ግን የትርፍ ሰዓት ማስተማርን፣ የምርምር ፈቃድን፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲ ማስተማርን የማያውቅ ሥርዓት ነው ብሎ ታገለው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ከዚያ ለማውጣት ወሰነ። ካናዳ ደግሞ የባሰ ደረሰባት። የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ደመወዝ በኒው ብረንስዊክ ክፍለ ግዛት ሚራሚሺ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰብስባ በየቤቱ የነበሩትን የደመወዝ ባለሙያዎች አሰናበተች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፊኒክስ የሚባለውን ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋለች። ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ደመወዛቸው ተዛባ፤ አንዳንዱ ወራት ሳይከፈለው ኖረ። የተሰናበቱት ሰዎች የያዙት ዕውቀት፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ወሊድ ላይ እንዳለች፣ ማን በውክልና እየሠራ እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ አልገባም ነበር። ያ ሀብታም መንግሥት ጥፋቱን ለማረም ቢሊዮኖች አፍስሷል።

እኛም ጋር አሁን ሦስተኛው ሙከራ እየተካሄደ ነው። ከ2011 ጀምሮ የመፕና የፕሣ ፊደላት በነጥብ የሥራ ምዘና ተተክተው ሥራው ሁሉ በ22 ደረጃ ተደልድሏል። የተቀናጀ የሲቪል ሰርቪስ የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ሶፍትዌር ማኅደሩን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የታሰበ ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኢፍሚስ የሚባለው የፋይናንስ ሥርዓት አለ። ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ ምሩቋ ደረጃ ስታድግ ደብዳቤው በእግሩ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። የገባው ማኅደር ግን ራሱ የሚያስቸግር ነው፤ የተቀደደ ቅጽ፣ በሁለት ቦታ ሁለት ስም፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ የልደት ዘመን የተፋቀበት። ወረቀቱ ሳይጠራ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ስሕተቱ በፍጥነት ይባዛል እንጂ አይጠፋም። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ቢታከልበት ሁለት ቦታ የሚከፈለውን አንድ ሰው ለመለየት ይረዳል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ከሥራ የቀረውን ሰው ግን ፋይዳ አያውቀውም። እሱን የሚያውቀው የሰዓት ፊርማውን መዝገብ የያዘው ሰው ነው።

አስኮ ላይ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። በቡራዩ አቅጣጫ ትንሽ እልፍ ሲሉ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያበቃና የኦሮሚያ ክልል ይጀምራል፤ ቡራዩ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናት። የቤት ኪራይ ርካሽ ነው ብሎ ቡራዩ የሚኖር፣ አስኮ የሚያስተምር መምህር አለ፤ የዚህ ተቃራኒም አለ። ሁለቱ ጠዋት በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ቀጣሪያቸው ግን የተለያየ ነው፤ ፔሮላቸውም፣ ማኅደራቸውም። ከቡራዩ ወደ አስኮ መዛወር የፈለገ መምህር ሁለቱም ወገን ይስማሙለታል ብለን እናስብ። ከዚያ በኋላ መሸኛው፣ የሥራ ልምዱ፣ ክሊራንሱ፣ «እስከ … ወር መጨረሻ ድረስ ደመወዝ የተከፈለው መሆኑን እንገልጻለን» የሚለው ደብዳቤ፣ ማኅደሩ ራሱ በመልእክተኛ ተይዞ ይመጣል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ከጎደለ አዲሱ ፑል ስሙን አይጽፍም፤ የቀድሞው ቀድሞ ሰርዞታል።

እኔ ቢጠይቁኝ አዲስ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት የምመክረው ርካሽ ነገር ነው። ፑሉ ከሚሠራበት ክፍል ውስጥ አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ወንበር ይጨመርለት፤ ማኅደሩን የሚያይ፣ ፔሮል ከመዘጋቱ ሦስት ቀን በፊት ለየትምህርት ቤቱና ለየጤና ጣቢያው ስልክ ደውሎ «የቀረ አለ? የመጣ አለ? የወለደች አለች?» ብሎ የሚጠይቅ። አንዳንድ ትጉህ ፔሮል ሠሪዎች ይህን በራሳቸው ስልክና በራሳቸው ካርድ አሁንም ያደርጉታል። በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ እነሱ ዓመት ፈቃድ ሲወጡ የሚደውል የለም።